ታዲያ ምን ተሸክመው ነው?

ሴትዮዋ ማህፀኗ ከወረደ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጆቼ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጨርቅ እየታጠቀች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሽታዬ ይታወቅብኛል ብላ ከበር ሳታልፍ፣ ለማንም ሳትናገር ኖረች። በመጨረሻ ሲብስባት ለባሏ ነገረችውና ከተማ ወሰዳት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አድርጎ ማህፀኗን ደግፎ የሚይዝ መረብ እንደሚያስገባላት ነገራት።

«ዓሣ ልታጠምድብኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። «ዓሣው ይቅርብን፣ እናቴ። ብቻ ከዚህ ሲወጡ ሦስት ወር ሙሉ ከባድ ነገር እንዳይሸከሙ።»

በሁለተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ሐኪሙ መረመራትና ጓንቱን አወለቀ። ማህፀኗ እንደገና ወርዷል።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አላት፣ ድምፁ ደክሞ። «ውኃ ቀድተው ነው?»

«ውኃስ ባሌ ነው የሚቀዳው። ሰፈሩ እየሳቀበት ጀሪካኑን ተሸክሞ ይመጣል።»

«እንጨት ነዋ?»

«እንጨትም አልነካሁ።»

«ታዲያ ምን ተሸክመው ነው?»

ሴትዮዋ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ቃሬዛ» አለች። «ምራቴን ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ወንዶቹ በሙሉ ማዶ ቀብር ሄደዋል። ሦስት ሴቶች ጫፍ ጫፉን ይዘው ቆሙ፤ አራተኛ ትከሻ ጠፋ።»