ክንድ የሚያህል ክር

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራበት ፋብሪካ ዓይኗ ላይ የገጠመው ጠባብ ቀዳዳ የመርፌዋ ጫፍ ካለበት፣ ክንድ ከሚያህል ርቀት የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ ከዚያ የቀረበውም የራቀውም ለእሷ ጨለማ ነው። እኔ ግን ብልጥ አይደለሁ? የቀሚሷ ቁልፍ ላይ ክንድ የሚያህል ክር አስሬ፣ ጫፉን እስከ አፍንጫዬ ወጥሬ ምላሴን አወጣባታለሁ።

«አየሁሽ፣ አንቺ ባለጌ!»

ትናንት ፋብሪካው ማሽኑን ሲቀይር የእሷንም ዓይን አብሮ ቀየረው። ማታ ክሩን ወጥሬ ምላሴን ባወጣ፣ «ማኅደር፣ የት ገባሽ?» አለች።

ክሩን አሳጠርኩት። ደግሜ አሳጠርኩት። ሁለት ጣት ሲያህል ጮኸች፦ «ብጉር!»

«ሌላ የምታዪው አጣሽ?»

«ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ።» ከዚህ ቅርበት ሙሉ ፊቴ ቀዳዳው ውስጥ ስለማይገባላት፣ ቆራርሳ ማየት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቅንድቤን፣ ከዚያ ጉንጬን፣ ከዚያ ከንፈሬን። አገጬ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ማኅደርዬ፣ ቅንድብሽ ምን ይመስል ነበር?»