ቀይ ፈርጥ ያለው ቀለበት

«እስቲ አንቺ እዪው» አሏት ሽማግሌው የላቦራቶሪ ባለሙያ ንኮሎኮሳ፣ የልጇ ደም የተቀመጠበትን ማይክሮስኮፕ ወደ ታማንዳ እየገፉ።

ታማንዳ ክው አለች። ልጇን ከግድግዳው ወዲያ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። ወባ ከሆነ መድኃኒቱ እዚሁ ክሊኒኩ ውስጥ ነበር። ካልሆነ የሺሬን ወንዝ ተሻግሮ ሆስፒታል መግባት ነበረበት፤ የጀልባው ሞተር ደግሞ ለጉዞ ተነስቷል።

«ምን ነካዎት አባባ? ባለሙያው እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?»

«እዚህ ለመጣች እናት ሁሉ አሳያለሁ። ይልቅ እስኪጠራልሽ ድረስ ይቺን ማዞሪያ አዙሪ።»

«አባባ ንኮሎኮሳ፣ ውጤቱስ?» ነርሷ ከወዲያ ጮኸች። «ጀልባው ሊሄድ ነው እኮ!»

ታማንዳ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አጎነበሰች። «ሮዝ ሮዝ ክቦች ይታዩኛል።»

«ውስጣቸውስ?»

«ቀለበት... ቀጭን፣ ሰማያዊ። ቀይ ፈርጥ አለው።»

«በአንዱ ክብ ውስጥ ስንት ቀለበት አለ?»

«አንድ። እዚህኛው ውስጥ ግን ሁለት። ኧረ አባባ፣ ሞልቶታል!»

«ወባ ነው! ክፉው ዓይነት!» ብለው ወደ ነርሷ ጮኹ። «መርፌውን አዘጋጂ!»

ወዲያው እስክሪብቶ አንስተው ውጤቱን መጻፍ ጀመሩ። ታማንዳ ቀና ስትል ፊደሎቹ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ሲሰፍሩ አየች። ወረቀቱ ከእጃቸው አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። የነርሷ ኮቴ ወደ በሩ ተቃረበ።

ታማንዳ ወረቀቱን ወደ እጃቸው ሥር አንሸራተተችላቸው። እጃቸው ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመሩ።