የወንድሟ ጓንት

ልጅቷ ከጥንትም ተጠያፊ ናት፤ የሚቀፋት ነገር ሲጠጋት ክንዷ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ችፍ ይላል። ሥራዋ ደግሞ አያድርስ ነው። የሙዝ ግንድ ንፍጥ እስኪመስል ይፈጫል፣ ትሪ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል፣ ሲላጥ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ፣ ሲነኩት የሚያውቅ ስስ ነገር ይወጣዋል። ለሰው ሠራሽ እጅ መሸፈኛ የሚሆን ጓንት ነው። ሽታው ግን ያልታጠበ ካልሲ!

«ሙዝ እኮ ነው!» ይስቅባታል አለቃዋ። «ስትበዪው መች ትጠየፊዋለሽ?»

«ሙዝ ሲያልበው አይቼ አላውቅማ፣ ጋሼ!»

ዛሬ ግን መሸሽ የለም። ትሪው ላይ የተኛው ጓንት የወንድሟ ነው። ማሽን እጁን ከበላው ወዲህ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ናት። እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጠበች፣ የጓንቱን ሽቦ ከስክሪኑ ጋር አገናኘች፣ ትንፋሿን ውጣ ጣቷን ዘረጋች። ጓንቱ ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል፤ ፈተናው ይኸው ነው።

መስመሩ ገና ሳትነካው ዘለለ።

«ጋሼ፣ ሽቦው ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«አሁን የቀየርኩት ሽቦ? አንቺ ደግሞ ሰበብ አታጪም! በይ ድገሚው» ብሎ ሳቀ አለቃዋ።

ደገመችው። ጣቷ ሲቀርብ ጓንቱ ሸርተት፣ ሸርተት እያለ ትሪው ጥግ ገብቶ ተኮማተረ። የአለቃዋ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ፣ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ችፍ ብሏል።