ለአንድ ልጅ አንድ እናት

ይርገዱ መታወቂያዋን ልታሳድስ ብትሄድ ኮምፒውተሩ «ሟች» አላት።

ወጣቱ መዝጋቢ ምክንያቱን ፈልጎ አገኘው። «‹ለአንድ ልጅ አንድ እናት› የሚል ሕግ ተሰጥቶታል። ለህሊና ግን የወለዷት እህትዎም፣ ያሳደጓት እርስዎም እናት ተብላችሁ ተመዝግባችኋል። ስለዚህ ሁለታችሁ አንድ ሰው ናችሁ ብሎ ደመደመ። እህትዎ ስለሞቱ እርስዎም ሞቱ።»

«ኧረ ቀስ በል! ልጄ በር ላይ ናት፤ አታውቅም። በቃ አስተካክለው።»

«የወለደች አትሰረዝም። ‹እናቷ አይደለሁም› ብለው ይፈርሙ፤ ወዲያው ሕያው ይሆናሉ።»

ይርገዱ እስክሪብቶውን አነሳች። ግን ፈርማ ልጇን ከምታጣ ሞታ መቅረትን መረጠች፤ እስክሪብቶውንም መልሳ አስቀመጠችው።

ህሊና ከኋላዋ መጥታ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ አክስቴ ናት ብለው ይጻፉ» አለች። «ድሮም አውቃለሁ።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ለይርገዱ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ፈርሚና ወደ ቤታችን እንሂድ።»