በጋሽ ድልነሳው ግቢ ያለፈው መንገድ

እናቱን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት፣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ሳትደርስ ሞተች። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱም እስኪሞት ድረስ፣ "ሊቀ መንበሩ ድልነሳው መንገዱን ቢያስጠግን ኖሮ እናትህ ትድን ነበር" ይለው ነበር።

አድጎ እሱም የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆነ። በሁለተኛው ወር፣ አዲሱ መንገድ በጋሽ ድልነሳው ግቢ እንዲያልፍ አስወሰነ። መሐንዲሱ "በሜዳው በኩል ይሻላል" ቢለው አልሰማውም። ዶዘሩ የሽማግሌውን ቤት ሲደረምስ ቆሞ አየ፤ አንጀቱ ራሰ።

ጋሽ ድልነሳው አልጮሁም፣ አልከሰሱም። ልብሳቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ገቡ።

በሳምንቱ የቀበሌው ጸሐፊ አሮጌ ሰነዶች ስታስተካክል ያገኘችውን ቃለ ጉባኤ አምጥታ ሰጠችው። እናቱ ከመሞቷ ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ሊቀ መንበር ድልነሳው የተቆረጠውን መንገድ በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር አዙረው ሊያሠሩ ሰው ይዘው እንደሄዱ፣ ገበሬው ግን "ከማሳዬ አንድ ክንድ አልሰጥም" ብሎ በዱላ እንደመለሳቸው፣ በኋላም ቀበሌ ተጠርቶ ያንኑ ቃል እንደሰጠ ይናገራል። ከሥሩ የገበሬው ስምና የጣት አሻራ አለ። የአባቱ ነበር።

እየሮጠ ሽማግሌው ዘንድ ሄደ።

"ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?"

ጋሽ ድልነሳው ቀና ብለው አዩት።

"ያኔ ከአባትህ ሌላ ማን ነበረህ?" አሉት።