የቱሊ ጉሌድ ምዕራፍ

ሪድዋን ቱሊ ጉሌድ ሲደርስ ነጩ ሸሚዙ አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ነው። ሸሚዙን እንዲለብስ ያዘዘችው ፈርሂያ ናት። «ገጠር ለብሶ የመጣን ሰው ያከብራል፤» ብላዋለች።

ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ላይ ዓመታት ደክመዋል። መጽሐፉ ስለ ክልሉ ተራ ሰዎች ነው፤ ስለ ቶጎጫሌ ሾፌሮች፣ ስለ ጅግጅጋ ወተት ሻጮች፣ ካራማራ ሥር ጎማ ስለሚለጥፍ አንድ ሰው። እሱ በአማርኛ ይጽፋል፤ እሷ ወደ ሶማልኛ ትመልሳለች። አንድ ምዕራፍ ይቀረናል ያለችውም እሷው ናት። ቱሊ ጉሌድ ውስጥ ባቱሎ የሚባሉ አሮጊት አሉ። በድርቁ ጊዜ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበትን ቢርካቸውን ቆልፈው፣ ማን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ ብቻቸውን የወሰኑ ሴት ናቸው።

«ያለ እሳቸው መጽሐፉ አይወጣም፤» አለች።

ሪድዋን ሌላ ምክንያት ጠርጥሯል። ባለፈው ዒድ ማግስት አግቢኝ ብሏት፣ «ላስብበት» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ነጠላ ሰረዝ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም። ፈርሂያ ድሮም ስለ ራሷም ሆነ ስለ ቤተሰቧ አታወራም። እምቢ ማለት የከበደው ሰው ደግሞ ሩቅ ይልካል።

ባቱሎ ደጃቸው ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ጠበቁት። የግመል ወተት የገባበት ሻይ ቀረበ። ልጃቸው ሳማታር፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ጎልማሳ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ሆዮ፣» አለ ሪድዋን፣ በአገሩ እናት እንደምትጠራበት፤ «ስለ ድርቁ ይንገሩኝ።»

«እንግዳ አስቀድሞ የራሱን ወሬ ይሰጣል። የማን ልጅ ነህ?»

ነገራቸው። አባቱ ከኮምቦልቻ መጥተው ጅግጅጋ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሱም እዚያው ተወለደ።

«የአባትህ አባትስ?»

ነገራቸው።

«የእሱስ አባት?»

እዚህ ላይ ጠፋበት።

«እዩት ወሎዬውን!» ሳማታር ሳቀ። «የእኛ ልጅ ጥርስ ሳያወጣ እስከ ዐሥረኛው ይቆጥራል። ሶማልኛህም ያነክሳል።»

«ያነክሳል፤ ግን ይደርሳል፤» አለ ሪድዋን።

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። ስለ ድርቁ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በማግስቱ ሳማታር መስጊድ ይዞት ሄደ፤ ሲመለሱ የታመመች ፍየል አሸከመው። ፍየሏ ሸሚዙ ላይ ሸናችበት።

«አልተቆጣም፤» አለ ሳማታር ለእናቱ፣ እንደ ምስክር።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ተሳሳቁና ሄዱ። ባቱሎ ቀጠሉ።

«ጫት ትቅማለህ?»

«አርብ አርብ።»

«ያንተ አርብ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ቀን ነው፣ ሆዮ።»

«አከራይህም እንደዚያው አለ። ጅግጅጋ ደውለን ጠየቅነው። ማታ አይጮህም ብሏል።» ይህን ሲሉ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

ሪድዋን ነገሩ ገባው። እዚህ አገር ብዙ ዘመን ሰውን እየጠየቀ የሚጽፍ እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ ሌሎች መጥተው የተጠየቀውን ሰው አስረው ይወስዱት ነበር። ሰላይ ነው ብለውታል። አልፈረደባቸውም። በእነሱ ቦታ ቢሆን እሱም አከራዩ ጋ ይደውል ነበር።

«ሆዮ፣ እኔን ማንም አልላከኝም። የመንግሥት ደሞዝ በልቼ አላውቅም።»

«እሱን አልጠየቅንህም፤» አሉ። ቆይተውም፣ «በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ስትቃጠል የት ነበርክ?»

«ሱቃችን ውስጥ። በጓሮ ወጣን። አባቴ ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሸጠው አያውቁም።»

«የዘረፏችሁን ታውቃቸዋለህ?»

«አንዳንዶቹን። መንገድ ላይ እንገናኛለን።»

«የእኛ ልጆች ናቸው።»

«ናቸው።»

«ቂም ይዘሃል?»

ሪድዋን ሻዩን ፉት አለ። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ሸሚዙ ፍየል ፍየል ይሸታል።

«ቂም ጉልበት ይፈልጋል፣ ሆዮ። እኔ ደክሞኛል።»

ባቱሎ ሳማታርን አዩት። ሳማታር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም ልጅ ቀብሬያለሁ፤» አሉ አሮጊቷ። ሪድዋን በመጨረሻ ሊያወሩ ነው ብሎ መቅረጫውን ከፈተ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «በል ሂድ፤ ጨርሰናል።»

«እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም!»

«እኛ ጨርሰናል።»

በመንገድ ላይ ፈርሂያ ጋ ደወለ። ስልኳ ተይዟል። እንደገና ደወለ፤ አሁንም ተይዟል። ጅግጅጋ እንደወረደ በቀጥታ ቢሮዋ ገባ። ሁልጊዜ በረቂቅ ወረቀት የሚጨናነቀው ጠረጴዛዋ ባዶ ነው። ሌላ ጸሐፊ አግኝታለች ማለት ነው፤ መቼም ወረቀት ብቻውን እግር አያወጣም።

«ምዕራፉ የለም፤» አላት ሳይቀመጥ። «እኔን ሲመረምሩኝ ከረሙ። ሰላይ ነው ብለውኛል። ሌላ ሰው ላኪ፤ ስሜንም ከሽፋኑ ላይ አንሺው። የዒዱንም ነገር እርሺው። አላስጨንቅሽም።»

«መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከገባ ሁለት ሳምንት አለፈው፤» አለች ፈርሂያ። «አያቴ ከቱሊ ጉሌድ ደውላ እሺ ብላለች።»