ለፔግ የተረፈ ቃል

«ረፋድ ላይ ሥራ ሲታክትዎ ምን ይቀምሱ ነበር?» የመዝገበ ቃላት አዘጋጇ ኢሞጀን ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀች።

ሚስተር ፒኒገር ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ቀለል ያለ ምግብ እመገብ ነበር፣ እመቤት» አሉ፣ ድምፃቸውን እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ሞርደው።

ወይ ጉድ! ዕድሜ ልካቸውን በእንግሊዝ ገጠር፣ በዊልትሻየር፣ የእርሻ አጥር ሲጎነጉኑ የኖሩ ሰውዬ፣ የድምፅ መቅጃው ቀይ መብራት ሲበራ ሌላ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ።

ከአፋቸው ልትሰማው የምትፈልገውን ቃል እሷ መናገር አትችልም። የመዝገበ ቃላቱ ሕግ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ፣ ማንም ሳይነግረው ካላወጣው አይቆጠርም። እሷ ያገኘችው በልጅነቷ፣ ከድሮ ልቦለዶች ውስጥ ነው፤ መንገደኞቹ ከሠረገላ ወርደው በቁርስና በምሳ መሀል የሚቀማምሱት ነገር ስም። ነገ ገጹ ማተሚያ ቤት ሲገባ ከቃሉ ጎን ትንሽ መስቀል ይደረግበታል፤ ሞቷል ማለት ነው። አለቃዋ «የሚናገረው ሰው ካለ አምጪ፤ ከሌለ አፈር እናልብሰው» ብሏታል።

«እናትዎስ ለአባትዎ እርሻ ድረስ ምን ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር?»

«ዳቦና አይብ፣ እመቤት።»

«ምን ብለው ይጠሩታል?»

«ዳቦና አይብ።»

በቃ፣ ቀረ። ኢሞጀን ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች፤ መቅጃውን ማጥፋት እንኳ ረሳችው።

ሽማግሌው እፎይ ብለው ክራባታቸውን ፈቱ። ከኪሳቸው ቁራሽ ዳቦ አወጡና ምድጃው ሥር ወደተጋደመችው አሮጊት ውሻቸው ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ሰነፍ! ፔግዬ፣ ናንቸንሽን ብዪ!»

ኢሞጀን መብራቱን አየች። ቀይ ነው! «አሉት! አሉት እኮ!» ብላ እንደ ሕፃን ዘለለች።

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «ይቅርታ እመቤት፣ አመለጠኝ። የባላገር ቃል ነው። አስተማሪያችን በዚህ ቃል ስንቴ መዳፌን በልምጭ ልጣዋለች መሰለዎ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አባባ! በሞቴ ይድገሙልኝ!»

አስተማሪዋ የቆመች ይመስል በሩን ገልመጥ አደረጉ። «ናንቸን» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ናንቸን! ናንቸን!»

ፔግ ቃሉን በሰማች ቁጥር እየተነሣች እግራቸው ሥር ቁጭ ትልና አፏን ትከፍታለች። ዳቦው አልቋል፤ እሳቸው ግን አላቆሙም።